የሐጂ ወንበር

ወንበሩን የሰጠችኝ የበርበሬ ነጋዴው የሐጂ ሚስት ናት። የአራት ወር ከአሥር ቀን የባል ሐዘኗን እንደጨረሰች አስጭና አመጣችውና ግቢያችን ውስጥ አቆመችው። «ቲቸር፣ ይሄ ላንተ ነው» አለችኝ።

እኔ ሴት ነኝ። የአማርኛ አስተማሪ ነኝ ደግሞ። ከጎጃም ተመድቤ ቡታጅራ ከመጣሁ ጀምሮ ሰዉ አንተና አንቺን ሲያምታታብኝ ኖሯል። የአፍ መፍቻቸው አይደለምና አልፈርድባቸውም፣ ማረም ግን አልተውም። «ላንቺ» አልኳት። «አዎ፣ ላንቺ» ብላ ሳቀች። ወዲያው ወንበሩን ስታይ ሳቋ ጠፋ።

እግሮቼን የነሳኝ ወደ ወልቂጤ ስሄድ የተገለበጠው ሚኒባስ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ አሮጌ ተሽከርካሪ ወንበሬን ይዞ የሚገፋኝ ሰው ካላገኘሁ ከበር አልወጣም ነበር። አመለኛ ነኝ፣ አልዋሽም። የሚገፋኝን ሁሉ «ቀስ!»፣ «ጉድጓድ!»፣ «ዓይን የለህም?» እያልኩ አማርሬ ጨረስኳቸው። በመጨረሻ የሚገፋኝ ጠፋና ማስተማሩም ሊቀርብኝ ሆነ። እንግዲህ ይሄ በባትሪ የሚሄድ ወንበር የመጣልኝ ያኔ ነው። እሱን ካጣሁ ክፍሌንም ማጣቴ ነበር።

የቀኝ ክንዱ ጫፍ ላይ ጣት የምታህል መሪ አለችው። ወደፊት ሲገፏት ይሄዳል፣ ሲለቋት ቀጥ ብሎ ይቆማል። የመሪዋ ጎማ ባንድ በኩል ጎድጉዷል፤ የሐጂ አውራ ጣት የበላው ነው። ጣቴን ሳሳርፍበት ልክክ አለ። ደስ አላለኝም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሴን አስተማርኩ። ከመውረዴ በፊት አጠፋዋለሁ። ቁልቁለት ላይ በቀስታ፣ ቀጥ ብዬ እወርዳለሁ እንጂ አግድም አልሄድም። ባጃጅ ሲመጣ ጥግ ይዤ እቆማለሁ፤ ባጃጅ ነጂ ለማንም አይመለስምና። ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ አጨበጨቡ፣ እኔም ተቆጣኋቸው። ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

የተከራየሁበት ቤት ባለቤት፣ ጋሼ የምላቸው ሽማግሌ፣ የሐጂ የድሮ ሾፌር ናቸው። ሠላሳ ዓመት የሐጂን በርበሬ ጭነው አዲስ አበባ ተመላልሰዋል። ሐጂ እግራቸው ከከዳቸው በኋላም ቀን ቀን በዚሁ ወንበር እየመጡ የግቢያችን በር ላይ ይቀመጡና ሁለቱ ሲጫወቱ ይውሉ ነበር። አሁን ደግሞ ጋሼ የዙሁር ሶላታቸውን ሰግደው ሲመለሱ ወንበሬን በጨርቅ ይጠርጋሉ። «የሐጂ ነው፣ አቧራ አይለብስም» ይላሉ።

ምሳ በልቼ ጋደም የማለት ልማድ አለኝ። ወንበሩን አጥፍቼ በረንዳው ላይ እተወዋለሁ፤ ከዚያ እስከ በሩ ግቢው ትንሽ ያዘቀዝቃል። አንድ ቀን ስነቃ የለም። በመስኮት ሳይ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ የግቢው በር ጋ ቆሟል። ማንም አልተቀመጠበትም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የወሰዱት?»

«ወላሂ አልወሰድኩትም። ጠርጌው ገባሁ» አሉ። ከዚያ በሩን አይተው ድምፃቸው ቀነሰ። «ሐጂ የሚያቆሙት እዚያው ነበር።»

እሳቸው እየገፉ መለሱልኝና ከኋላው ጎንበስ ብለው ጎማውን ጠራረጉት። ስቀመጥበት፣ እንደጠፋ፣ ግድግዳውን ይዤ ለማንቀሳቀስ ሞከርኩ። እንደ ተተከለ ድንጋይ ንቅንቅ አልል አለ። ታዲያ እንዴት ሄደ? በዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ደገመው፤ ሁለቱንም ጊዜ እዚያው ቦታ፣ ፊቱን ወደ መንገድ አድርጎ ተገኘ።

ወሬው ከበራችን ቁልቁል፣ መንገዱ ዳር ሸራ ዘርግተው በርበሬ ከሚሸጡት ሴቶች ጆሮ ደረሰ። ሐጂ እንዴት እንደሞቱ የነገሩኝ ያኔ ነው። ሐጂ ቁጡ ነበሩ። በትንሹ በትልቁ ያዙኝ ልቀቁኝ ማለት የዘወትር ነገራቸው ነበር። አንድ ቀን ከእኛ በር ተነስተው ቁልቁል ሲወርዱ «ያዙኝ! ያዙኝ!» እያሉ ጮኹ። ሴቶቹ ዛሬ ደግሞ ከማን ተጣሉ ብለው ሳቁ። ወንበሩ ታች ድልድዩን መትቶ ሲቆም ሐጂ በሕይወት አልነበሩም። ልባቸው ነው ተባለ።

«መልሺላት» አሉኝ ሴቶቹ። «ባለቤቱ ገና አልለቀቀውም።»

ፈራሁ። በቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ፈራሁ። አልመለስኩትም ግን። ጅኒም ካለበት ክፍሌ ድረስ አብሮኝ ይሂድ አልኩ።

የገበያ ቀን ነው። በሩ ጋ፣ ሐጂ ይቀመጡበት በነበረው ሜዳ ቦታ ላይ ወንበሩን አጥፍቼ መንገዱን እያየሁ ነበር። ጋሼ ከኋላዬ ቁጢጥ ብለው ከጎማው ጭቃ ሲጠርጉ ቆዩና ጨርቃቸውን አራግፈው ገቡ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሴት ጆንያ ተሸክማ ስታልፍ ወንበሩን ነካ አደረገችው። ነካ ብቻ። ወንበሩም መሄድ ጀመረ።

ድምፅ የለውም። ሁልጊዜ የሚሰማው የሞተር እዝዝታ የለም። ማብሪያውን ተጫንኩ፤ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም አሉ እንጂ አልታዘዙኝም። መሪዋን ሳብኩ፣ ገፋሁ፣ የሞተ ሰው ጣት ነው የሚመስለው። ቁልቁለቱ ተቀበለን። አፌ ራሱ ጮኸ። «ያዙኝ! ያዙኝ!»

በርበሬ ሻጮቹ ቀና አሉ። ያን ጊዜ ስቀው ነበር፤ አሁን አንዷም አልሳቀችም፣ አንዷም ከቦታዋ አልተነሳችም። ያ ወንበር፣ ያ ቃል፣ ያው መንገድ። እኔን ሳይሆን ከኔ ጀርባ ያለ ሌላ ሰው እያዩ ይመስሉ ነበር።

ግራ እጄን ጎማው ላይ ጫንኩት። ቆዳዬ ተላጠ፣ ወንበሩ ግን ወደ ግራ ዞረልኝና የተሰጣው በርበሬ ላይ ወጣ፣ ከጆንያ ክምር ጋር ተላትሞ ቆመ። ድልድዩ ከዚያ ሃያ እርምጃ አይሆንም። የተላጠ እጄ ውስጥ በርበሬ ገባና እዬዬ አልኩ። በሕይወት መኖሬን ያወቅኩት በዚያ ነው።

በማግስቱ ከጉብሬ ቴክኒሺያን አስመጣሁ። ወንበሩን አዙሮ አዙሮ ከኋላ ጎማ አጠገብ ያለች ትንሽ ቀይ እጀታ አሳየኝ። አንድም ቀን አይቻት አላውቅም።

«ይቺ ወደ ታች ስትሆን ሞተሩ ከጎማው ይለያል» አለ። «ወንበሩ ሲበላሽ ለመግፋት ነው። ፍሬኑ ሞተሩ ውስጥ ስለሆነ፣ ይቺ ከወረደች ፍሬንም የለውም። በቃ ፎሌ ነው በይው። ማን ነው ያወረዳት?»

«እኔ ነኛ!» አሉ ጋሼ፣ ጨርቃቸውን እንደያዙ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ። «ቆሞ ሲውል ሞተሩ ይረፍ ብዬ ፎሌ አደርገዋለሁ። ተመልሼ ከፍ አደርጋታለሁ፣ አንዳንዴ እረሳታለሁ እንጂ። መኪናውንም በፎሌ ስወርድ ናፍጣ ይተርፋል፣ ሐጂ ይመርቁኝ ነበር። ለሐጂም ወንበሩን እንዲሁ...»

ቴክኒሺያኑ ምንም አልገባውም፤ ጎንበስ ብሎ ብሎኑን ያጠብቃል። እኔ ገብቶኛል። ጋሼም እንደገባቸው ያየሁት ጨርቁ ከእጃቸው ሲወድቅ ነው። ጅኒ በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ጅኒ ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሐጂ ሚስት ልትጠይቀኝ መጣች። እኔ ወንበሩ ላይ ነኝ፣ ጋሼ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። የታሰረ እጄን አየችና «አብሽር ቲቸር። ወንበሩ ምን ሆኖ ነው?» አለች።

ሰው ማረም ሥራዬ ነው፣ ውሸት አልወድም። ያን ቀን ግን ሽማግሌውን አየሁና «ገመድ ተበጥሶ ነው» አልኩ።

«ፎሌ ነው» አሉ ጋሼ። «እኔ ነኝ ፎሌ ያደረግኩት። ያኔም እኔ ነኝ።»

ሠላሳ ዓመት የሾፌር ወሬ የሰማች የነጋዴ ሚስት ናት፣ ፎሌ ምን እንደሆነ የሚነግራት አያስፈልጋትም። አልጮኸችም፣ እሳቸውንም አልተናገረቻቸውም። ዞራ ከኋላዬ መጣች። ጎንበስ ስትልና እጀታዋን ስትነካ፣ ከፍ ማለቷን ስታረጋግጥ ተሰማኝ። ከዚያ ሁለቱን መግፊያዎች ጨበጠች። አጨባበጧ ወንበሩን አልፎ ጀርባዬ ድረስ ተሰማኝ።

«ይኸው፣ ያዝኩህ» አለች።

አላረምኳትም።