በእሳት የሚዞረው ግራሞፎን

በግራሞፎን ምክንያት ታስሬ ነበር ስል ሰው ይስቃል። በሌላ ሰው ቢደርስ እኔም እስቅ ነበር።

ደብረ ታቦር የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። አሮጌ ግራሞፎን እሰበስባለሁ፤ ያውም ሞተሩ ለየት ያለውን። አብዛኛው በእጅ ተጠምዝዞ በሚጠብቅ የብረት ሞላ ነው የሚዞረው። ይፋግ ከተማ ከአንዲት ባልቴት የገዛሁት ግን ከሥሩ ኩራዝ የምታህል የአልኮል መብራት ነበረችው። እሳቱ አየሩን ያሞቃል፣ የሞቀው አየር ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ ሸክላውን ያዞራል። እንዲህ ያለ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

አገር በታመሰበት ሰሞን ወታደሮች ቤቴን ሲፈትሹ ያገኙት እሱን ነው። ቱቦ፣ ነዳጅ፣ ፒስተን። አንደኛው ወታደር ወደ በሩ አፈገፈገ።

"ማንም እንዳይነካው፤ ቦምብ ነው!" አለ።

የወሰዱኝ ድሮ የእህል መጋዘን ወደነበረ ክፍል ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፤ የጉና ተራራ ብርድ በበሩ ሥር ይገባል። ግድግዳው አሁንም የነቀዘ ስንዴ ይሸታል። ከሐሙሲት ወዲያ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ።

"በምን መጣህ ልጄ?"

"በግራሞፎን።"

"እኔ በልጄ ነው" አሉ። "እሱን ሲያጡት እኔን አመጡ።"

የይፋጓ ባልቴትም ልጅ አላቸው። ልጁ በወታደሮች እየተፈለገ እንደሆነ ዕቃውን የገዛሁ ቀን ነግረውኛል። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከዚያ ወዲያ ስለ ራሴ ማሰብ ተውኩ ብል ውሸት ነው፤ ለራሴም ለእሳቸውም ፈራሁ። መቀርቀሪያው በተንኳኳ ቁጥር ወደ በሩ እዞራለሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ተጠራሁ። ሽማግሌው እጄን ያዝ አደረጉኝ።

"የጠየቁህን ብቻ መልስ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።"

ግራሞፎኑ የመርማሪው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። መርማሪው ግን ርቆ መስኮቱ ዘንድ ቆሟል።

"ግራሞፎን ከሆነ እስቲ ሲዘፍን አሳየን።"

አልኮል ስላልነበረ ከአጠገብ ካለ ቤት ሁለት ጊዜ የተጣራ፣ ዳግም የሚባለው አረቄ ተገዝቶ መጣ። መብራቷን ሞልቼ ክብሪት ስጭር በሩ ላይ የቆመው ወታደር ክፍሉን ለቆ ወጣ። ሞተሩ እስኪሞቅ ጊዜ ይፈልጋል። ካልዞረ ቦምብ ነው ይሉኛል፤ ከዞረ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ። እንዲዞር ልጸልይ ወይስ እንዳይዞር? በጣቴ የሞተሩን መዘውር ገፋ አደረግኩት። ቆመ። እንደገና ስገፋው በራሱ መዞር ጀመረ። መርፌውን ሸክላው ላይ አሳረፍኩ፤ የማሲንቆ ድምፅ ወጣ።

መርማሪው ቀረበ። ለአፍታ ጎንበስ ብሎ እሳቷን አየ። ከዚያ ቀና አለ።

"ከማን አገኘኸው?"

"ገዝቼው ነው።"

"ከማን?"

"የሸጡልኝ ሰው ያጠፉት ነገር የለም። ስማቸውን አልናገርም።"

በጥፊ ሲመታኝ ጆሮዬ ጭው አለ። ሸክላው መዞሩን አላቆመም። መርፌውን በቀስታ አነሳሁ፤ መብራቷን ከድኜ አጠፋኋት።

"ብረቱ እንዳይቃጠል ነው" አልኩት።

የሻጯን ስም ያን ቀንም በሌላም ቀን ደጋግሞ ጠየቀኝ። አልነገርኩትም።

ስፈታ ግራሞፎኑን የመለሰልኝ የለም። ባልቴቷን ግን ማንም እንዳልነካቸው ቆይቼ በሰው በሰው ሰማሁ።

ዛሬም እሰበስባለሁ። ሰብሳቢ ዕቃ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው የማን እንደነበር፣ በማን ሰርግ እንደተዘፈነበት ነው። ግማሹ ደስታ እሱ ነው። እኔ ግን ሰው ዕቃ ይዞልኝ ሲመጣ ገና አፉን ሳይከፍት እጄን አነሳለሁ።

"የማን እንደነበር አይንገሩኝ" እላለሁ።

ግራ ይጋባሉ። አንዳንዱም ቅር ይለዋል። ዕቃውን ተቀብዬ በሩን እዘጋለሁ።