የሚያስቅ ምሳሌ

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ዛሬም ሹራባቸውን ገልብጠው ለብሰዋል። ከቤት ሲወጡ ልብ የሚልላቸው ሰው የለም መሰል። መደረግ ሲችል ስላልተደረገ ነገር በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚወራ ሲያስተምሩን፣ መጽሐፉን ዘጉና ምሳሌውን ከራሳቸው አመጡ።

«ልጄን ቶሎ ሐኪም ቤት ማድረስ ነበረብኝ» ብለው ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ከሥሩ ደግሞ «ይሄኔ እናንተን ያክል ነበር» ብለው ጨመሩ።

«ቲቸር፣ ኧረ አንድ እንኳ የሚያስቅ ይስጡን!» አለ አንዱ ከኋላ።

ጠመኔውን በጣታቸው እያገላበጡ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ በትልልቁ፣ «ጎረቤቴ ‹መኪናዬን ገና ማሳጠቤ ነው› ሳይል ሊያደርሰን ይችል ነበር» ብለው ጻፉና ወደ እኛ ዞሩ።

«በሉ ሳቁ እንጂ!» አሉን።