ወደ ገደሉ ስንወርድ ጋቢና ማን ተቀመጠ

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ደጄ ላይ ቆመው ክላክስ አደረጉ። ወደ ምዕራብ፣ ብላክ ካንየን ወደሚባለው ገደል ሊሄዱ ሲመካከሩ ሰምቼ "እኔ እኮ ድሮ ሄጃለሁ" የሚል ቃል ከአፌ አምልጦኝ ነበር። ነጠላዬን አጣፍቼ ከቤት ወደ ቅዳሴ፣ ከቅዳሴ ወደ ቤት ስመላለስ ብቻ የሚያውቁኝ ልጆች፣ ገደል ለገደል የዞርኩበት ዘመን መኖሩ ገረማቸው። "እንግዲያው እርስዎ መንገድ ያሳዩናል" አሉኝ። ዳቦዬን በፎጣ ጠቅልዬ ወጣሁ። ሹፌሩ ዘሎ ወርዶ የፊቱን በር ከፈተልኝ።

"እማማ አስካለ፣ እርስዎ ጋቢና።"

ከኋላ ሁለት ልጃገረዶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው አንድ ስልክ እያዩ ይስቃሉ። እኔ አንድ እግሬን መኪናው ውስጥ፣ አንዱን አስፋልቱ ላይ እንዳደረግሁ ቆሜ ቀረሁ።

"ደህና ነዎት?" አለኝ ልጁ።

"ደህና ነኝ። ጉልበቴ ነው።"

ጉልበቴ አልነበረም።

ያን ጊዜ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። በዚሁ በስደት ከተማችን፣ ቻምበርስ ሮድ በሚባል ጎዳና ላይ ከሶስና ጋር አንድ አፓርትመንት ተጋርተን እንኖር ነበር። ሶስና የሆሳዕና ልጅ ናት፤ ጴንጤ። ማለዳ ሻወር ውስጥ ሆና ስትዘምር ጎረቤት ሁሉ ይሰማታል፤ ማታ ስትመጣ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ደረጃ ይወጣል። እኔ ለጸሎት ስቆም ግን ሬዲዮኑን ትቀንስልኛለች፤ ረቡዕና ዓርብም ለእኔ ብላ ቤት ውስጥ ሥጋ አታበስልም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በእሷ ስለ መቅናቴ ስለሆነ ነው፤ ሰው ይፍረድ።

ዮናስን ያወቅሁት በቤተ ክርስቲያን ነው። ታክሲ ይነዳል፣ ከከተማው ማዶ ሌክውድ ይኖራል፣ በበዓል ቀን ከበሮ ይመታል። ከበሮ ሲመታ እንጂ ሲያወራ ብዙ አይታይም። እኔ ሎውሪ አካባቢ ባለ አንድ የአረጋውያን ቤት እሠራ ስለነበር፣ ከሥራ ስወጣ በዚያ በኩል ካለፈ ያደርሰኛል። ስለ ትራፊኩ ሁለት ቃል፣ ስለ አየሩ ሦስት ቃል ይናገርና ደጃፌ ላይ ሲደርስ "በይ ደህና እደሪ፣ አስኩ" ይላል። ያቺን "አስኩ" ይዤ ደረጃውን እወጣለሁ። አንድ ቀን ከአፉ ሌላ ነገር ጠብ ይላል እያልኩ ስጠብቅ ስሙን በጸሎቴ መጥራት ጀመርኩ፤ መጀመሪያ ከሕሙማን ጋር፣ ኋላ ለብቻው።

መስከረም መጨረሻ ላይ እናቱ እማማ ትርንጎ ከደባርቅ ሊጠይቁት መጡ። "ቅዳሜ እማዬን ያን ገደል ላሳያት ነው፤ አብረሽን ነይ" አለኝ። ልቤ ዘለለ። ግን ደግሞ እናቱ ቢኖሩም፣ የወንደላጤ መኪና ውስጥ ብቻዬን ገብቼ መታየቱ ነውር መሰለኝ። "ጓደኛዬን ላምጣ?" አልኩት። "ደስ ይለኛል" አለ። ሶስናን በገዛ አፌ ነው የጠራኋት።

ጎህ ሲቀድ መጣ። እማማ ትርንጎ ጋቢናውን ትተው ከኋላ ተቀምጠዋል። "ከፊት ጉልበቴን ያመኛል" አሉ። ዮናስ የፊቱን በር ከፍቶ "እሺ፣ ጋቢና ማን ነው?" አለ።

ጋቢና ለእኛ ዝም ብሎ ወንበር አይደለም። ባደግሁበት አገር፣ በጭነት መኪናም ሆነ በሚኒባስ፣ ጋቢና የቄስ፣ የነፍሰ ጡር፣ የሽማግሌ ነው፤ እነሱ ከሌሉ ደግሞ ሹፌሩ ዓይኑን የጣለባት ልጅ ቦታ ነው። ጋቢና የገባችን ልጅ ሰፈሩ ሁሉ አይቷታል። እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ታዲያ ተዘሎ አይገባም። "አንቺ ግቢ" ይባላል፤ "ኧረ አንቺ" ይባላል፤ "በእመብርሃን አንቺ" ተብሎ እጅ ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ ነው ባለ ወንበሯ እያፈረች የምትገባው። እኔም ወጉን ጠብቄ "ሶስና ትግባ" አልኩ።

"እሺ! ደስ ይለኛል" ብላ ገባች። ቀበቶዋንም አሰረች።

በቃ፤ አለቀ። እማማ ትርንጎ አጠገባቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። "ነይ ልጄ፣ እዚህ ግቢ።" እናቴን ጠብቂልኝ ብሎ ነው ለካ ያመጣኝ አልኩ በልቤ።

ከሌክውድ በኋላ መንገዱ ወደ ተራራው ይገባል። ፌርፕሌይ የምትባለውን ትንሽ ከተማ ስታልፉ ሜዳ ይዘረጋል፤ በዚያ ወራት ሣሩ ያልታጨደ ገብስ ይመስላል። ከተራሮቹ ጥግ አስፐን የሚሏቸው ዛፎች ቅጠላቸው ቢጫ ብቻ ሆኖ፣ አደይ አበባ ከመሬት ተነሥቶ ዛፍ ላይ የወጣ ነው የሚመስለው። ይህን ሁሉ የማውቀው ኋላ ደጋግሜ ስለሄድኩ ነው። ያን ቀን ያየሁት የሶስናን ማጅራት ነው።

ፀጉሯን ወደ ላይ ሰብስባ አስራዋለች። የጆሮ ጌጧ መኪናው በተነቃነቀ ቁጥር ይወዛወዛል። መስኮቷን ስለከፈተች ነፋሱ ቃላቸውን ይበትነዋል፤ እኔ ዘንድ የሚደርሰው ሳቃቸው ብቻ ነው። ዮናስ፣ ያ ስለ አየሩ ሦስት ቃል የሚበዛበት ሰው፣ ያወራል! ይጠይቃል፣ አንገቱን ነቅንቆ ያዳምጣል፣ አንዴም መሪውን በመዳፉ መትቶ ሳቀ። መቁጠሪያዬን አውጥቼ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ማለት ጀመርኩ። አፌ እግዚኦ ይላል፣ ዓይኔ ከጆሮ ጌጡ ጋር ይወዛወዛል።

እማማ ትርንጎ እጅጌዬን ሳቡ። "አየሻቸው? ሚዳቋ! አቤት፣ መንጋ ሙሉ!"

"አዎ እማማ" አልኩ፣ ሳልዞር።

ትንሽ ቆይተው ደግሞ ሳቡኝ። "ያውልሽ ቀበሮ! አገሩ እንዲህ ጠግቦ እሱ ምን አከሳው?" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አገርሽ ወዴት ነው ልጄ?" አሉኝ።

"ደሴ።"

"እናትሽ አሉ?"

"አለች።"

"ምን ምን ሙያ አስተማሩሽ?"

"ሁሉንም።"

እኚህ ሴትዮ እንደ ሌላው መንገደኛ ለምን አያንቀላፉም እል ነበር። እሳቸው ሲጠይቁኝ ከፊት የሚሳቀውን ሳልሰማ እቀራለሁ።

ጉኒሰን የምትባለውን ከተማ አልፈን ወደ ገደሉ የደረስነው ቀትር ሲቃረብ ነው። ሰው ስለዚያ ቦታ ሲያወራ ጥልቀቱን ያወራል፤ እኔን ያስደነገጠኝ ጥቁረቱ ነው። ፀሐይ አናታችን ላይ ቆማ ከታች ምሽት ሆኗል። እስከ ወንዙ የሚያወርድ አንድ ጠባብ መንገድ አለ፤ ዮናስ ማርሽ ቀንሶ መውረድ ጀመረ። የተቃጠለ ፍሬን ሸተተኝ። ገደሉ በጋቢናው በኩል ነበር።

"ዮናስ፣ በጌታ! ቀስ በል!" አለች ሶስና። አሁን መስኮቱ ተዘግቶ ስለነበር ሁሉም ይሰማል።

"ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩማ ልቆም ነው። ዓይንሽን ክፈቺ።"

"አልከፍትም!"

"ውበቱን እኮ አላየሽውም።"

"ለሚሞት ሰው ውበት ምን ያደርግለታል? ኢየሱስ! ኢየሱስ!"

ዮናስ ከት ብሎ ሳቀ። እንዲህ ከሚስቅልሽ ሰው ጋር ገደል መግባትስ ምን ክፋት አለው አልኩ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ያን ጊዜ እማማ ትርንጎ እጅጌዬን እስኪቀደድ ጎተቱት። "ዋልያ! ኧረ ዋልያ እኮ ነው! አስካለ፣ እዪ! የእኛው ነው፣ እዚህ ድረስ ማን አመጣው?"

ዮናስ መኪናውን አቆመ። "እማዬ፣ ዋልያ አይደለም፤ የዚህ አገር የዱር በግ ነው።"

"ዝም በል! ደባርቅ ላደግሁት ለእኔ ነው ዋልያ የምትነግረኝ?"

"ሶስና፣ አንዴ ብቻ ክፈቺ፤ ያውልሽ በአንቺ በኩል፣ ከድንጋዩ ላይ" ብሎ እጁን ዘረጋ። እጁ ሲመለስ ትከሻዋን ሊነካ ምንም አልቀረው። እኔ የእጁን ዱካ ተከተልኩ። አንገቴን አዙሬ ወደ ድንጋዩ ሳይ ጠጠር ብቻ ቁልቁል ይንከባለላል።

"አየሽው?" አሉኝ እማማ ትርንጎ።

"አየሁት።"

ፊቴን አዩት፤ ከዚያ እኔ ሳየው የነበረውን የሶስናን ማጅራት አዩት። እጅጌዬን ለቀቁት።

ወንዙ ዳር ጥላ ፈልገን ተቀመጥን። ውኃው አረንጓዴ ነው፤ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ሰው ጮኾ እንዲያወራ ያደርጋል። እማማ ትርንጎ በራሳቸው እጅ የሠሩትን ቋንጣ ፍርፍር ፈቱ። ከአገር ያመጡት ቋንጣ ነው፤ በርበሬው ከሩቅ ያስነጥሳል። ቀኑ የፍስክ ነው፣ ርቦኛልም። ጠቅለል አድርገው ለእኔ አስቀድመው ዘረጉ።

"እንቺ ልጄ።"

"አልራበኝም እማማ።"

ሶስና እየሳቀች ለዮናስ ውኃ ትቀዳለች። የእማማ ትርንጎ እጅ አየር ላይ ቆየ። ጉርሻ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አላስተማረኝም አልልም። ዓይኔ ግን ሶስና በያዘችው የውኃ ኩባያ ላይ ነበር።

"ለእኔ ይስጡኝ እማማ!" ብላ ሶስና አፏን ከፈተች። አጎረሷት። ዮናስ እኔን አየና ወንዙን ማየት ጀመረ።

ስንመለስ መሸ። ቻምበርስ ሮድ ስንደርስ የመንገዱ መብራት በርቷል። እማማ ትርንጎ መስኮቱን አውርደው እጄን ያዙ።

"ልጄ፣ ጉልበቴ ደህና ነው" አሉኝ። "ከኋላ የገባሁት አጠገብሽ ልቀመጥ ብዬ ነበር።" እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጥ አደረጉት። "በይ፣ እግዜር ይባርክሽ።"

መኪናው ሄደ። ደረጃው ላይ ሶስና ወደ እኔ ዞረች።

"ቆይ፣ ምን ሆነሽ ነው የዋልሽው?"

"ምን ሆንኩ?"

"ሰውየው ከዚህ እስከ ገደሉ ስለ አንቺ ብቻ ሲጠይቀኝ! ምን ትወዳለች፣ ምን ያስቀይማታል፣ ስትናደድ ምን ታደርጋለች። ስታኮርፊ የታጠበ ድስት አውጥተሽ እንደገና እንደምታጥቢ ነገርኩት፤ በሳቅ ሞተ። እናቱንም 'ይዩልኝ' ብሎ ነው ያመጣቸው። አላወቅሽም?"

ከየት ላውቅ? በእኛ ወግ ልጅቷ ትታያለች እንጂ ልትታይ ነው አትባልም። እኔ ሰው የሚታይበት ወንበር ከፊት ያለው ብቻ መስሎኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ድስቱን አወጣሁ። ሶስና አይታ እጅጌዋን ሰበሰበችና አጠገቤ ቆማ አደራረቀችልኝ።

ዮናስ ከዚያም በኋላ አድርሶኛል፤ "አስኩ" ግን "አስካለ" ሆነች። በዓመቱ እናቱ የመረጡለትን የደባርቅ ልጅ አገባ። የሠርጉን ቪዲዮ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስናይ እማማ ትርንጎ ሙሽራዋን ያጎርሷታል፤ እሷም አፏን እስከ ጥግ ትከፍታለች። እልል አልኩ። በዚያች አፍ ግን ስንት ዘመን ቀናሁ! በጊዜዬ እኔም አግብቻለሁ፤ ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው ነበር፤ ከጎኑ ጋቢና ተቀምጬ ብዙ አገር አይቻለሁ። ሶስና አሁን ሌክውድ ትኖራለች፣ የልጆች እናት ናት፤ ያን ገደል እንዴት እንደሚያምር ለልጆቿ ትተርካለች፤ ዓይኗን ጨፍና የወረደችውን!

ባለፈው ቅዳሜም ጋቢና ገባሁ። በዚህ ዕድሜዬ "ኧረ አንቺ" የሚለኝ የለም፤ ወንበሩ ያለ ግብግብ የእኔ ነው። ሜዳውን አየሁ፤ ሚዳቋዎቹን አየሁ፤ ቢጫዎቹን ዛፎች እስክጠግብ አየሁ። ከኋላ ግን ሳቁ አላቋረጠም። በእንግሊዝኛው መሃል አልፎ አልፎ የማውቀው ቃል ብቅ ብሎ ይጠልቃል። ምን ያስቃቸዋል? ጋቢና ተቀምጬ በኋላ ወንበር ቀናሁ። መቁጠሪያዬን ፈልጌ ያዝኩ።

ቁልቁለቱ መሃል፣ ከመንገዱ በላይ ካለው ድንጋይ ላይ፣ ቀንዱ የተጠቀለለ የዱር በግ ቆሞ ያየናል። ሹፌሩ ልጅ መኪናውን አቆመ። እኔ አልጮኽኩም። እጄን በወንበሩ ጎን ወደ ኋላ ሰድጄ ያገኘሁትን እጅጌ ሳብኩ። የማክዳ ነበር፤ ከሁለቱ ታናሿ፣ ስልኳ ላይ ያጎነበሰችው።

ወዲያው ዞረች። "ዋት? የት ጋ፣ እማማ?" አገጯን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። "ኦ ማይ ጋድ፣ አየሁት! ምንድን ነው እሱ?"

"ዋልያ" አልኳት።

ትንፋሿ ጉንጬን አሞቀው። አንድ ጊዜ ብቻ እጅጌዋን ብስባት ዞረች። እስከ ወንዙ ድረስ በዚያ ፈጥና መዞሯ እየቀናሁባት ወረድኩ።