ውሃ ያልጠጣው ሶሌታ

የግንባታ ሥራ የጀመርኩት ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ ነው። የሁለት ልጆች አባት ሆኜ የቀን ሠራተኛ ተባልኩ። በመጀመሪያው ቀን የተሰጠኝ መሣሪያ ባሬላ ነበር፤ ሁለት አጣና ላይ የተመታ ሳንቃ፣ አንድ ሰው ከፊት አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ የሚሸከመው። ከፊቴ የቆመው ባልደረባዬ «ቢስሚላሂ» አለ፤ እኔ አማተብኩ፤ አነሣን። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መዳፌ ተላጠ። የሁላችንም አለቃ የነበሩት ጋሽ ይማም አዩና «መዳፍ ይተካል፤ የደፋኸው ሲሚንቶ ግን አይተካም» ብለውኝ አለፉ። ንድድ አልኩ። በማግስቱ ግን ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ።

እልኸኛ ነኝ። ከባሬላ ወደ ረዳት ግንበኛ፣ ከረዳት ወደ ግንበኛ እየተጎተትኩ ወጣሁ። የግድግዳ ቀጥታ የሚለካባቸውን ቱንቢና ውሃ ልክ የያዝኩት ስንቱን ለምኜ፣ ከስንቱ ተኳርፌ ነው። ፎርማን ስባል ሥራ ከጀመርኩ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ፎርማን ማለት፣ ለማያውቀው፣ በኢንጂነሩና በሠራተኛው መካከል የሚቆም ሰው ነው። ፕላን አንብቦ ሥራ ያከፋፍላል፤ የተጣመመውን ያስፈርሳል።

በእኔ ሳይት ሥራ ሳይጀመር ሁሉም በየእምነቱ ዱዓውን ያደርግ ነበር። ስድብ ክልክል ነው። ዓርብ ሙስሊሞቹ ለጁምዓ ሲሄዱ ማንም ለምን አይላቸውም። የታቦት ንግሥ ሲሆን ደግሞ በሩን ቆልፌ ቁልፉን ይዤ እሄዳለሁ። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔው ነኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ሰው «ታደሰ እኮ ሃይማኖተኛ ፎርማን ነው» ሲል ደስ ይለኝ ነበር።

ኮምቦልቻ ላይ የአንድ ነጋዴ ፎቅ ስንሠራ ጠዋት ጠዋት ከደሴ በሚኒባስ እወርድ ነበር። ሶሌታውን፣ ማለትም የፎቁን ወለል፣ ያፈሰስነው በሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ነው። ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ መጠጣት አለበት፤ ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ውሃ ማጠጣት የሰይድ ሥራ ነበር። ሰይድ ከኮምቦልቻ አለፍ ብላ የምትገኘው የደጋን ከተማ ሰው ነው፤ ጭምት፣ የያዘውን ሳይጨርስ የማይለቅ። ማምሻውን ጆንያውን አርጥበን ሶሌታውን ካለበስነው በኋላ ወደ እኔ መጣ።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ለእኔ ይተዉልኝ። ነገ መጥቼ ላጠጣ።»

«ነገ ሚካኤል ነው።»

«እሱማ ለእርስዎ ነው። እኔን ምን ያግደኛል?»

«በእኔ ሳይት የሚካኤል ዕለት ባልዲ አይነሣም። ጆንያ አልብሰነዋል፣ ይበቃዋል።»

«ወላሂ ጋሼ፣ ይኼ ደሴ አይደለም። የኮምቦልቻ ፀሐይ ጆንያውንም ይጠጣዋል።»

«ተናገርኩ እኮ!» አልኩና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

ደሴ ላይ አንድ ቀን ሳይጠጣ ቢውል ጭጋጉ ገመናዬን ይሸፍንልኝ ነበር። ያ ነው ያታለለኝ። በማግስቱ ነጠላዬን አጣፍቼ ሳስቀድስ ዋልኩ፤ ሶሌታው ትዝ አላለኝም።

በዓሉ አልፎ በሩን ስከፍት ጆንያው እንደ ድርቆሽ ደርቋል። ገለጥኩት። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጣጥቋል፤ አንዳንዱ ስንጥቅ ጥፍር ያስገባል። ኢንጂነር ሰላማዊት ወዲያው ደረሰች። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ በሥራ ግን አለቃዬ ናት። ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ጠየቀችኝ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ትናንት ማጠጣት የነበረበት ማነው?»

«ሰይድ» አልኩ። ውሸት አልነበረም። ግማሽ እውነት ነበር፤ እሱ ደግሞ ከውሸት ይከፋል።

«አጠጣህ?» አለችው።

«አላጠጣሁም» አለ ሰይድ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ይናገሩ እንጂ።»

ፕላኑ ላይ አቀረቀርኩ። አሥራ ስምንት ዓመት የለፋሁበት ማዕረግ በአንዲት ቃል ሊሄድ ነው። ሃይማኖተኛ የሚለው ስሜም አብሮ ሊሄድ ነው። ዝም አልኩ፤ ሠራተኛው ቁልፉን ለሰይድ የተውኩለት መስሎታል፣ ሰይድም በሰው ፊት ሊያጋልጠኝ አልፈለገም። ኢንጂነሯ «ተኝተህ ዋልክ ማለት ነው። ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» አለችው። ሰይድ ኮቱን ከሚስማሩ ላይ አውርዶ ሄደ።

እሑድ የንስሐ አባቴ መምሬ አየለ ዘንድ ቦሩ ሜዳ ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ሁሉን ነገርኳቸው።

«ስንት ልስገድ፣ አባቴ?»

«ሰውየው የት ነው?»

«ደጋን፣ ቤቱ።»

«ለእኔ ነገርከኝ፣ ደግ። እግዚአብሔርም ድሮውን ያውቀዋል። የማያውቁት መሐንዲሷና ሠራተኞቹ ናቸው። እነሱን ዘለህ እኔ ዘንድ ምን አመጣህ? ስግደቱ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ወደዚያ ውረድ።»

«ከፎርማንነቴ ያነሡኛል እኮ!»

«ያንሡሃ! ሚካኤል ፎርማን ሁንልኝ ብሎሃል?»

ተቆጣሁ፤ እውነት ስለሆነ። በዚያው ቀን በሚኒባስ ደጋን ወረድኩ። ሰይድ በር ላይ ቆሞ ተቀበለኝ። ግባ አላለኝም። የወሎ ሰው እንግዳን ግባ ሳይል ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ ወሎዬ ያውቀዋል።

«ይቅር በለኝ፣ ሰይድ።»

«ማንም በሌለበት ይቅርታ ምን ይሠራልኛል ጋሼ? ‹ሰይድ ተኝቶ ዋለ› የተባልኩት በሰው ፊት ነው። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደጋን ገብቷል። ሥራ እንኳ ሌላ ቦታ ይገኛል፤ ማን ነው አምኖ የሚይዘኝ?»

«ነገ ጠዋት ሳይት ና» አልኩት።

ሰኞ ጠዋት ዱዓው እንዳለቀ ማንም ሥራ ሳይጀምር መሐል ገብቼ ቆምኩ። ሰይድ በሩ ላይ ቆሟል፤ ኢንጂነሯም አለች።

«ሰይድ ላጠጣ ብሎኝ ነበር። ቁልፉን የከለከልኩት እኔ ነኝ። ኢንጂነር ስትጠይቀው አውቄ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ሶሌታውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ኢንጂነሯ ቀረብ አለች።

«ለምን ያን ዕለት አልነገሩኝም?»

«ፈርቼ።»

ወደ ሰይድ ዞረች። «ሰይድ፣ ይቅርታ፤ ሳላጣራ ፈረድኩብህ። ወደ ሥራህ ተመለስ። ጋሽ ታደሰ፣ ከዛሬ ጀምሮ ግንበኛ ነዎት። የሶሌታው የላይኛው ክፍል ተጠርቦ እንደገና ኮንክሪት ይለብሳል።»

«የምጠርበው እኔ ነኝ» አልኩ።

መዶሻና መሮ ይዤ ወጣሁ። ሶሌታው ላይ ተንበርክኬ ጠዋቱን ሙሉ ጠረብኩ። አንዳንዶቹ ከታች ሳቁብኝ፤ ይሳቁ። ከምሳ በኋላ ሰይድ መጣ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይረፉ።»

«አላርፍም።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም። ሌላ መሮ አነሣና ከወዲያኛው ጫፍ መጥረብ ጀመረ። በዘጠነኛው ቀን መሐል ላይ ተገናኘን።

ፎርማንነቱን ሌላ ሳይት ላይ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ መልሰው ሰጡኝ። በዓል ዛሬም አከብራለሁ፤ ውሃ የሚያጠጣ ሰው ላይ ግን በር አልቆልፍም። ለወጣት ፎርማኖች የምላቸው ይህን ብቻ ነው፦ የሠራተኛን ስም በሰው ፊት ካጠፋችሁ፣ እዚያው ሰው ፊት መልሱለት፤ ለንስሐ አባታችሁ ከዚያ በኋላ ትነግራላችሁ።