የትኛው ትርጓሜ የማን ነው

ጣልያን በወጣ ሰሞን መቀሌ ውስጥ የመጻሕፍት ትርጓሜ የምናስተምር ሁለት ነበርን። አንዱ ከጎጃም ለትምህርት ወጥቼ በዚያው የቀረሁት እኔ፣ ሌላው የዐይናለም ተወላጅ የሆነ ጓደኛዬ። ትርጓሜ የሚሰጠው በአማርኛ ስለሆነ አፍ የፈታሁበት ቋንቋ እንጀራ ሆነኝ እንጂ ትግርኛዬስ እስከ ዛሬ ሰው ያስቃል።

በጦርነቱ ዘመን ተማሪዎቻችን ተበትነው ስለነበር ሁለታችን ብቻ አንድ ንባብ ይዘን ስንከራከር እንውል ነበር። እሱ ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ፤ መልሴን ያፈርሰዋል፣ በፍራሹ ላይ ሌላ እንሠራለን። ተማሪዎች ሲመለሱ ግን ጉባኤ ፊት የሚናገረው እሱ ሆነ። ድምፁ ሙሉ ነው፤ እኔን ሳል ያቋርጠኛል። ተማሪዎቹም ተምረው ወደ ውቅሮ፣ ወደ አድዋ ሲሄዱ «የዐይናለሙ መምህር እንዲህ ይላሉ» እያሉ አስተማሩ። ያን ጊዜ አልከፋኝም። ማን ተጠቀሰ፣ ማን ቀረ ብዬ የማስብበት ጉልበትም አልነበረኝም።

ኋላ የካህናት ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው ተባለና አንድ መምህር የሚመርጡ ሁለት ሹማምንት ከአዲስ አበባ መጡ። እኛን አልፈተኑንም። በየደብሩ እየዞሩ መምህራኑን «የማንን ትርጓሜ ጠቅሳችሁ ታስተምራላችሁ? እሱስ ከማን ጋር ሠራ?» ሲሉ ከረሙና አንድ ቀን ጠዋት ሁለታችንን አስጠሩን።

«መምህር፣» አሉኝ በዕድሜ ገፋ ያሉት ሹም፣ «በሄድንበት ሁሉ የሚጠቀሱት እሳቸው ናቸው። እርስዎን የጠቀሰ አላገኘንም። አብረው እንደ ኖሩ እንጂ አብረው ምን እንደ ሠሩ የሚያውቅ የለም።»

ጓደኛዬ ቀደመኝ። «እኩሌታው የሱ ነው።»

«የትኛው እኩሌታ?»

ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረ።

«ይኸውልዎ፣ በየደብሩ የሰማነው፣ በዳዊት መዝሙር ውኃ ስለ ተጠማችው ዋላ የሚነገር ትርጓሜ አለ» አሉ ሹሙ። «ዋላዋን ያደከማት ጥሙ ሳይሆን ሽሽቱ ነው የሚለው። እሱን ማን አመጣው?»

ላስታውስ ሞከርኩ። ከዐይናለም ጕድጓድ ውኃ ተሸክመን ስንመለስ ነበር። ፀሐዩ ከባድ ነው፣ ሁለታችንም ዝለናል። አንዳችን ጀመረ፣ አንዳችን ጨረሰ። ማን እንደ ጀመረ ግን ጠፋኝ።

«አላስታውስም» አልኩ።

«እኔም» አለ ጓደኛዬ።

ወጣቱ ሹም አቀርቅሮ ሣቀ። ሽማግሌው አልሣቁም፤ «እንግዲህ እኛ በሰማነው ነው የምንፈርደው» ብለው አሰናበቱን።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። «አንቱ ዝም ሲሉ እኮ ሰው የሚናገሩት የሌለዎት ይመስለዋል» አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ልትቆጣኝ እንኳ አቅም አልነበራትም።

ሹመቱ ለጓደኛዬ እንደ ሆነ የነገረኝ ራሱ ነው። መጥቶ ደጃፌ ላይ ተቀመጠ፤ እግሩ አቧራ ለብሷል።

«ሁለታችንንም ሹሙን ብያቸው ነበር። የተፈቀደው አንድ ሰው ነው አሉ። እምቢ ልበል፣ ሓወይ?» አለኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው።

እምቢ ቢል ደስ ባለኝ ነበር። ግን የልጆቹን ብዛት አውቃለሁ።

«ተቀበል» አልኩት።

«ከልብህ ነው?»

«ከልቤስ አይደለም። ግን ተቀበል።»

ራሱን ነቀነቀና ብዙ ሳይቆይ ተነሣ።

ትምህርት ቤት ከገባ ወዲህ አንድም ቀን ትርጓሜውን የኔ ነው ብሎ አላስተማረም። «ጓደኛዬና እኔ እንዲህ ፈታነው» ይል እንደ ነበር ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ተማሪዎቹ ግን ያ ረዘመባቸውና አሳጥረው በሱ ስም ብቻ ያዙት። ተቈጥቶ ቢያርማቸውም ከከተማ ሲወጡ ያው ይሆናል። ሰው የሚጠቅሰው ለአፉ የቀለለውን ነው።

እኔ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ጥቂት ተማሪዎች ይዤ ቀረሁ። እሱ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይመጣ ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ ያልተፈታ ንባብ ይዞ ይመጣና እንደ ድሮው እንጀምራለን። ግን የትምህርት ቤቱ ሥራ አደከመው፤ ጠያቂው እሱ ነበርና እሱ ካልጠየቀ እኔ መልስ የለኝም። ቀስ በቀስ ንባብ ማምጣቱን ተወ። መጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል፣ ስለ ዝናብና ስለ ልጆቹ ጥቂት ያወራል፣ ከዚያ እዚያው እንደ ተቀመጠ እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔም አልቀሰቅሰውም።