አዲሱ የፓርላማ አባላችን ወላድ አደረሱ

"ክቡርነትዎ፣ ንግግሩ ይቆየንና መኪናዎን ይስጡን!"

ዛሬ አስኮ፣ እኛ ሰፈር፣ አዲሱን የፓርላማ ተመራጫችንን ስንቀበል ማይኩን ነጥቀው እንዲህ ያሉት ጎረቤታችን እትዬ ራሕመት ናቸው። ልጃቸው ዘምዘም ምጥ ይዟታል።

ጥፋቱ የእኛው ነው። እንግዳ እናክብር ብለን የሰፈሩን ብቸኛ መንገድ በድንኳን ዘግተነዋል። ባሏ ከድንኳኑ ጀርባ መኪናው ውስጥ ሆኖ ክላክሱን ያንባርቃል፤ ሰዉ የደስታ መስሎት ያጨበጭባል።

ተመራጫችን ገና "መንገዳችሁን በተመለከተ…" ማለታቸው ነበር። ደግነቱ አላቅማሙም፤ ሾፌራቸውን "ቶሎ ውሰዳት!" አሉት። ዘምዘምን ለክብር እንግዳው በተዘጋጀው ወንበር ተሸክመን በድንኳኑ መሀል ማዶ ወደቆመው መኪናቸው አሳለፍናት።

መኪናው ግን ቶሎ አልተመለሰም። ክቡርነታቸው ጭቃውን ከእኛ ጋር እየረገጡ ፌርማታ ወረዱና የታክሲ ሰልፍ ያዙ።

"ሁሌ እንዲህ ነው?" አሉኝ ሰልፉን እያዩ።

"ኧረ ዛሬስ ቀሎታል። ግማሹ ሰው እርስዎን ሊቀበል ቀርቷል" አልኳቸው።

አሁን ተደወለ፤ ዘምዘም ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። እትዬ ራሕመትም "ቃለ መሐላ ሳይፈጽሙ ሥራ ጀመሩልን" እያሉ ነው።

እናንተ ሰፈርስ ተመራጭ ስትቀበሉ ምን ገጠማችሁ? እስቲ አውሩኝ።