የደባርቁ ጠላቂ፣ ጋሽ ደምሴ

ጋሽ ደምሴ ማረፋቸውን የሰማሁት ዳባት ገበያ መካከል ቆሜ ነው። ከደባርቅ የደወለችልኝ ጎረቤታቸው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ትርንጎ፣ ቡሹ አረፉ እኮ» አለችኝ። ክፋት አስባ አይደለም። በጠርሙስ መክደኛ ስም ካልጠሩለት በቀር ማን እንደሆኑ የማያውቅ ሰው ደባርቅ ውስጥ ብዙ ነው። በማግስቱ የእድራቸው ጥሩምባ ነፊም «የአቶ ደምሴ፣ የቡሹ ቀብር» እያለ ነው አሉ የዞረው። እኔ ግን ይህን ስም በሰማሁ ቁጥር ፊቴን የማደርግበት ይጠፋኛል። ያን ዕለትም ከኀዘኔ ቀድሞ የመጣው ሀፍረቴ ነበር፤ ስሙ ደባርቅ ላይ የወጣላቸው በእኔ ምክንያት ነውና።

በቀብራቸው ላይ «ተማሪያቸው ነበረች፣ እስቲ ጥቂት ትናገር» ብላችሁ ስትጠሩኝ ከለቀስተኛው መካከል ብቆምም አንድ ቃል ሳይወጣኝ ተቀመጥሁ። በቃሌ ያልቻልሁትን በጽሑፍ ልሞክረው። ለእድርተኞቻቸው፣ ሞተር ላስጠገናችሁ ገበሬዎች፣ ለምታውቋቸው ሁሉ ነው የምጽፈው።

ጋሽ ደምሴ የተወለዱት በየዳ ነው። ወጣት ሳሉ ባሕር ኃይል ገብተው ምጽዋ ላይ ጠላቂ ሆነው አገለገሉ። ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ጣና መጥተው ጀልባ ከውሃ ሥር ሲጠግኑ ኖሩ። በኋላም ደባርቅ ገብተው የውሃ ሞተር መጠገኛ ከፈቱ፤ ሊማሊሞን ሽቅብ የወጡ የጭነት መኪኖች ፍሬናቸውን ከሚያበርዱበት ፊት ለፊት። ከአዲ አርቃይ ሞተሩን ጭኖ የመጣ ገበሬ ሥራው እስኪያልቅ ቤታቸው ይበላል፣ ቤታቸው ያድራል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህም ይህ አልቀረም፤ ሽሮውን በእጃቸው እየሠሩ ያበሉ ነበር። ከተማው «ባሕር ሥር የኖሩ ሰው» እያለ ያከብራቸዋል። ሲያልፉ ከመቀመጫው የማይነሳ አልነበረም።

እኔ ያወቅኋቸው ዳባት ውስጥ ነው። አንዲት ጥጃ በላስቲክ የተነጠፈ የውሃ ማቆሪያ ውስጥ ገብታ ነበር። ላስቲኩ እያንሸራተታት መውጣት አቃታት፤ ባለቤቷ ይጮኻሉ፣ ሰው ከዳር ቆሞ ገመድ ይወረውራል። የመስኖ ቴክኒሻን ስለሆንሁ «አንቺ አታውቂም ወይ?» ይሉኛል፤ እኔም እንደነሱው ቆሜ አያለሁ። ከጎንደር የሚመጣ ሚኒባስ ቆመና አንድ ሸበቶ ሰው ወረዱ። ከሚኒባሱ አናት ጠላቂ የሚተነፍስበትን የአየር ሲሊንደርና አንድ ጥቁር ሰደርያ አስወረዱ። በገመድ ታስረው ገቡ፤ ሰደርያውን በጥጃዋ ሆድ ዙሪያ አሰሩት። ከዚያ ከሰደርያው በሚወጣው ቧንቧ ጫፍ ያለችውን ቁልፍ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ ያደርጓት ጀመር። ጫን ባሏት ጊዜ ሁሉ ከሲሊንደሩ ጥቂት አየር ወደ ሰደርያው ይገባል፤ ሰደርያው በተነፋ ቁጥር ጥጃዋ ከፍ ትላለች። አፍንጫዋ፣ ከዚያ ትከሻዋ ታየ። ሰዎቹ ጎትተው አወጧት።

ሰደርያውን ሲያጥቡ ጠጋ ብዬ «ይህ ነገር ሰውንም እንዲህ ያነሳል?» አልኋቸው።

«ሰውንማ በደንብ ያነሳል። ችግሩ ማንሳቱ አይደለም ልጄ፤ መሐል ላይ ማቆሙ ነው።»

እንዲያስተምሩኝ ለመንኋቸው። ወደ ጎርጎራ ለጀልባ ጥገና በሄዱ ቁጥር እየተከተልሁ ጣና ዳር ተማርሁ። አባቴ ቄስ ናቸው፤ አልከለከሉኝም፣ ግን ለሰው እንዳላወራ አሳሰቡኝ። ጋሽ ደምሴ ወገቤ ላይ የከባድ እርሳስ ብረት ቀበቶ ያስሩልኛል፤ እርሳሱ ወደ ታች ይስባል፣ ሰደርያው ወደ ላይ። የተማርሁት በሁለቱ መካከል መቆየትን ነው፤ ጭቃውን ሳልነካ፣ ወደ ላይም ሳልፈናጠር። «ቁልፉን ነካ አድርጊና ጠብቂ» ይሉኝ ነበር። «ሰደርያው ወዲያው አይመልስልሽም፤ እስኪሰማሽ ታገሺው።» ደግሞም «ሽቅብ ስትወጪ ውስጡ ያለው አየር በራሱ ይሰፋል፤ እየለቀቅሽ ውጪ። ትንፋሽሽን ግን በጭራሽ አትያዢ» ይሉኛል። ስሳሳት ጮኸውብኝ አያውቁም። ሻይ ያዝዙልኛል፤ ከዚያ «በይ እስቲ፣ እንደገና።»

አሁን ወደ ግድቡ ቀን ልምጣ።

ከዳባት በታች ባለው የመስኖ ግድብ ሥር የብረት መዝጊያ አለ፤ በሰንሰለት ወደ ላይ ሲሳብ ውሃው ወደ ቦዩ ይለቀቃል። በዚያ በጋ ሰንሰለቱ ተበጠሰና መዝጊያው እንደተዘጋ ቀረ። ግድቡ ሙሉ ነው፣ ከሥር ያለው ሽንኩርትና ድንች ይደርቃል። ጠላቂ ከሩቅ ይመጣል ተባለ፤ አልመጣም። ገበሬዎቹ ጋሽ ደምሴን ለመኑ። ደረታቸው በዚያን ጊዜ ታሞ ነበርና «እኔ ከገባሁ አልወጣም። ትርንጎ ግን ትችላለች» አሉ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ሥራው ከባድ አይደለም፤ አዲሱን ሰንሰለት ይዞ ወርዶ መዝጊያው ላይ ካለው ቀለበት ማገናኘት ነው። ከባዱ ልብሱ ነበር። ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚጣበቅ የጎማ ልብስ ነው። ጣና ዳር የሚያውቀኝ የለም፤ እዚህ ግን አጥቢያው በሙሉ ወጥቷል፣ አባቴም ከካህናቱ ጋር ቆመዋል። ነጠላዬን ተከናንቤ እስከ ውሃው ደረስሁ። ነጠላውን ስጥል ሴቶቹ በእጃቸው አፋቸውን ሲይዙ አየሁ። ከዚያ በኋላ የተማርሁት ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። የፈለግሁት ቶሎ ብዬ ውሃ ውስጥ መደበቅ ብቻ ነበር።

ቶሎ ወረድሁ፤ ከመጠን በላይ ቶሎ። ጉልበቴ ጭቃው ውስጥ ገባ፣ ውሃው ደፈረሰ፣ እጄን እንኳ ማየት አቃተኝ። ፈራሁ። ቁልፉን ጨብጬ ያዝሁት፤ መልቀቅ ረሳሁ። ሰደርያው ተነፋ፣ ከጭቃው ነቀለኝ፣ ከዚያ የሚያቆመኝ አልነበረም። የአየር ማስወጫውን ስፈልግ ተገለበጥሁ። ከውሃው በላይ መጀመሪያ የወጣው እግሬ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ግድቡ ዙሪያ ሁሉ። ራሴን አቅንቼ ስፈልጋቸው አባቴ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ዳገቱን ሲወጡ ጀርባቸውን አየሁ።

ጋሽ ደምሴ ከነጫማቸው፣ ከነኮታቸው ውሃው ውስጥ ገቡ። እስከ ወገባቸው መጥተው ሰደርያዬን ያዙና በቅድሚያ «ትንፋሽሽ ደህና ነው? የሚያምሽ አለ?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ሳቁ! ብቻ በኔ ሳቁ። እርሳስ ያበዛሁባት እኔ ነኝ። እሷማ ምን አደረገች? እኔ ነኝ ያዋረድኋት!»

ሳቁ አልቆመም። አንዱ «ጠላቂዋ እንደ ዳክዬ!» ብሎ ጮኸ። ይህን ጊዜ እጃቸውን አነሱ።

«ዳክዬ አላችሁ? ቆዩ፣ የኔን ልንገራችሁ። ምጽዋ ላይ እንግዳ ተሰብስቦ፣ ሙዚቃ እየተመታ፣ እኔ ባንዲራ ይዤ ከባሕር ሥር ቀስ ብዬ እንድወጣ ታዘዝሁ። ልክ እንደዚህች ልጅ ቁልፉን ጨብጬ ቀረሁ። ተፈናጥሬ ስወጣ ባንዲራው ወደ አንድ በኩል፣ ሱሪዬ ወደ አንድ በኩል! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠራዊቱ እስኪበተን ስሜ ደምሴ አልነበረም። ቡሽ ነበር። የጠርሙስ ቡሽ!»

ሰዉ በሳቅ ወደቀ። እኔን የሚያይ አልነበረም። «ቡሹ! ቡሹ!» ይላሉ። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። እኔ ግን አጠገባቸው ነበርሁ፤ ቀበቶዬን ለመፍታት ጎንበስ ሲሉ ፊታቸው ላይ ሳቅ እንዳልነበረ አይቻለሁ። ይህን ታሪክ ለሚስታቸው እንኳ ነግረው እንደማያውቁ በኋላ ሰማሁ።

ከቀበቶዬ አንድ እርሳስ አወለቁ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ትመለሻለሽ ወይስ እንተወው? ብትተይው እኔ እናገርልሻለሁ» አሉኝ።

«ሰዉ እያየኝ ነው፣ ጋሼ።»

«አዎ፣ ያይሻል። እሱን ላስቀርልሽ አልችልም።»

ተመለስሁ። ነካ አድርጌ ጠበቅሁ። ደግሞ ነካ አድርጌ ጠበቅሁ። ከጭቃው ክንድ ያህል ከፍ ብዬ ቆምሁ፤ ትንፋሼን ስስብ ጥቂት ከፍ፣ ስለቅቀው ጥቂት ዝቅ እላለሁ እንጂ ጭቃውን አልነካሁም። ውሃው እየጠራ ሄደና ቀለበቱ ታየኝ። ሰንሰለቱን አገናኘሁ፤ ደጋግሜ ሳብሁት፣ ያዘ። ቧንቧውን ወደ ላይ ይዤ አየሩን እየለቀቅሁ፣ ከአረፋዎቼ ኋላ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ከውሃው ወጥቼ ዳር እስክደርስ ማንም ሰንሰለቱን እንዳይነካ ጋሽ ደምሴ ሲከለክሉ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ወንዶቹ ጎተቱ፣ ውሃው ወደ ቦዩ ተለቀቀ፤ ሰዉም እልል እያለ ውሃውን ተከትሎ ሮጠ። ነጠላዬን ያቀበሉኝ እሳቸው ነበሩ፤ ፊታቸውን ወዲያ አዙረው።

አባቴ በእሑዱ ደባርቅ ሄዱ። እኔም ነበርሁ። ገና እንደተቀመጡ «አቶ ደምሴ፣ ሰው ሲስቅባት ልጄን ጥዬ ሄድሁ እኮ። ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንኳ ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ» አሉ።

«መምሬ፣ እኔም ምጽዋ ላይ ጥዬ ለመሄድ ፈልጌ ነበር። ዙሪያው ባሕር ሆኖብኝ ነው እንጂ» አሏቸው። አባቴ ሳቁ፤ ሲስቁም እንባቸው ወረደ።

እንዲህ አልፎ ቢሆን ኖሮ ባላፈርሁ። ስሙ ግን ከግድቡ ወደ ዳባት፣ ከዳባት ወደ ደባርቅ ወጣ። ሲያልፉ ይነሣ የነበረው ሰው ተቀምጦ «ቡሹ፣ እንዴት አደሩ?» ይላቸው ጀመር። አንድ ቀን ይቅርታ ልጠይቃቸው ብጀምር «ስም ምን ያደርጋል፣ ተይው» ብለው ወደ ሞተራቸው ዞሩ። ተማሪዎች በሚለቀቁበት ሰዓት ግን በትምህርት ቤቱ በኩል ማለፍ ትተው በጀርባ መንገድ ዞረው ሲሄዱ በዓይኔ አይቻለሁ። ምንም አልሆኑም እያላችሁ የምትጽናኑ ካላችሁ፣ ሆነዋል። ክብራቸውን አውቀው ነው የሰጡት። ደረታቸው ጠንቶባቸው አልጋ ላይ ሳሉ እንኳ ልጠይቃቸው ስሄድ የሚያወሩኝ ስለ ሥራዬ ነበር፤ «እርሳስ አታብዢ» ይሉኛል፣ እያሳሉ።

ጋሽ ደምሴ፣ ካሉበት ይስሙኝ እንደሆነ፣ በቀብርዎ ዕለት መናገር ያቃተኝ ይህን ነበር። የሸሸጉትን ውርደትዎን አውጥተው በእኔ ላይ ደረቡልኝ፤ እኔም ለብሼው ወጣሁ፣ እርስዎ ግን ራቁትዎን ቀሩ። ይህን የምመልስበት መንገድ አላገኘሁም። አፈር አይክበድዎ፣ አባቴ። በመጪው ሳምንት አዲ አርቃይ በኩል ያለ አንድ ግድብ መዝጊያው ተሰናክሎ ጠርተውኛል። ሰው ይሰበሰባል፣ ያውቁታል። የጎማውን ልብስ ለብሼ ነጠላዬን ስጥል አሁንም አፍራለሁ። ግን እገባለሁ።